እናትና አባቴን በመርከብ ሽርሽር ልንልካቸው ነው፤ ከጎንደር ሲነሱ ምን ይዘጋጅ?

የአዘዞው

ሰላም ለሁላችሁ። ውጭ ያለችው እህቴ ለእናትና ለአባቴ የ7 ሌሊት የመርከብ ሽርሽር ልትቆርጥላቸው ነው። መነሻው ሮም አቅራቢያ ያለው የቺቪታቬክያ ወደብ ነው፤ ከዚያ ሳንቶሪኒ፣ ኩሻዳሲ (ቱርክ)፣ ሚኮኖስና ኔፕልስ ደርሶ እዚያው ቺቪታቬክያ ይመለሳል። ቀኑ መስከረም 30 አካባቢ ነው። ክፍያው ገና ስላልተፈጸመ መለወጥ ያለበት ነገር ካለ አሁን ንገሩን።

እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ አባቴ 72 ናቸው። አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ ደረጃ አይችሉም። እናቴን ደግሞ ሊማሊሞን በመኪና ስትወርድ ያስመልሳታል፤ ባሕር ላይ ምን ልትሆን ነው ብለን ፈርተናል። ጽጌንም ትጾማለች። ሁለቱም እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እህቴም አብራቸው አትሳፈርም። ቪዛው፣ ሕመሙ፣ ምግቡ፣ ብሩ... የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

ትኬት ቆራጩ

ከሁሉ በፊት ቪዛውን አስቡ። ይህ መስመር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ወጥመድ አለው። ጣሊያንና ግሪክ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል) ውስጥ ናቸው፤ ኩሻዳሲ ግን ቱርክ ነው። መርከቡ ቱርክ ሲገባ ከሸንገን ወጡ፣ ሚኮኖስ ሲደርስ እንደገና ገቡ ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ አይበቃም። ኩባንያዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ገና ቺቪታቬክያ ላይ ሲመዘግቡ ፓስፖርቱን ገልጠው ያያሉ፤ ካልሆነ አያሳፍሩም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ቅጹ ላይ የመግቢያ ብዛት የሚለውን «ሁለት ጊዜ» ብላችሁ ሙሉ። የመርከቡን የቀን በቀን የጉዞ ዝርዝር አያይዙና ቱርክ ያለችበትን መስመር በደማቅ ቀለም አስምሩበት። ቪዛው ተለጥፎ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማችሁ አንብቡት፤ 01 ከተጻፈበት አይሠራም፣ 02 ማለት አለበት።

የሚጠየቀው የጣሊያን ቪዛ ነው፤ መግቢያውም እሱ ነው፣ የሮምን ሆቴልና ኔፕልስን ስትደምሩ ብዙው ቀንም እዚያ ነው። ማመልከቻ የሚገባው ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ነው። መልሱ ለሌላው በደንቡ 15 ቀን ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ግን የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2024 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። አሻራ ስለሚሰጡ ሁለቱም አዲስ አበባ በአካል መቅረብ አለባቸው። ለመስከረም 30 ጉዞ ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ ቀጠሮ ያዙ። እንዲህ የምለው በምክንያት ነው፤ የመርከቡ ሙሉ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ይጠየቃል፣ ከዚያ ወዲያ ቪዛ ተከለከልን ብላችሁ ብትሰርዙ ከፊሉን ወይም ሙሉውን ታጣላችሁ። የቪዛው መልስ ከዚያ ቀን ቀድሞ እጃችሁ ላይ መሆን አለበት። እህትህ ስትቆርጥም ቅድመ ክፍያው የሚመለስበትን የዋጋ ዓይነት ትምረጥ፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ የማይመለሰው ነው።

ቱርክ ላይ ለቀን ጉብኝት መውረድን በተመለከተ፣ የሽርሽር መርከብ ተሳፋሪ በወደብ ፖሊስ ፈቃድ እስከ 72 ሰዓት ያለ ቪዛ የሚወርድበት አሠራር አለ። ፈቃድ ስለሆነ ግን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደሚሰጥ ኩባንያው በኢሜይል ያረጋግጥላችሁ። የስልክ ቃል አይያዝም።

ስም ሌላው ራስ ምታት ነው። የመርከቡ ቅጽ የቤተሰብ ስምና የመጠሪያ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው የአባቱን አንዱ ጋ፣ የአያቱን ሌላው ጋ እየጻፈ ከፓስፖርቱ ጋር ይጋጭበታል። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት የኮድ መስመሮች እዩ። በመጀመሪያው ላይ ከሀገሪቱ ምልክት ቀጥሎ እስከ ሁለቱ የቀስት ምልክቶች ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የመጠሪያ ስም። ልክ እንደዚያው፣ ፊደል ሳይቀየር፣ ለአውሮፕላኑም ለመርከቡም ይጻፍ። የልደት ቀኑ በፓስፖርቱ ላይ ያለው የፈረንጁ ነው፤ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አትጻፉ።

ፓስፖርቱ ለሸንገን ከተመለሱበት ቀን በኋላ 3 ወር ቢቀረው ይበቃል፣ መርከቦቹ ግን ብዙዎቹ 6 ወር ይላሉ። ከጎንደር እስከ ሮም ያለውን በረራ በአንድ ትኬት ቁረጡ። የጎንደሩ በረራ በደመና ቢዘገይ ቀጣዩን የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ይሆናል፤ ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው። ሮም ቢያንስ ከ1 ቀን በፊት ይግቡ። ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ እስከ ወደቡ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በባቡር ትራስቴቬሬ ላይ ወርዶ መቀየር ስላለ ቋንቋ ለማይችል ሰው አልመክረውም። ስማቸውን ጽፎ የሚቀበል መኪና እህትህ ከዚያው ታዘጋጅ።

የቢጫ ወባ ካርድ ለዚህ መስመር አይጠየቅም። መስመሩን ቀይራችሁ ግብፅ ወይም ካሪቢያን ከገባችሁበት ግን ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። 60 ዓመት ያለፈው ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይከተብ።

መድኃኒት ቤት ማራኪ

የሊማሊሞው ነገር ምልክት ነው፤ መኪና የሚያዞረውን ሰው መርከብም ሊያዞረው ይችላል። ግን የሊማሊሞን ያህል አትፍሩ። ትልልቅ መርከቦች ከጎናቸው እየወጣ ማዘንበሉን የሚቀንስ ክንፍ አላቸው። በዚህ መስመር ወደብ የሌለው የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ነው የሚያስቸግረው፤ የሜሲናን ጠባብ ባሕር አልፈው ወደ ግሪክ ሲሻገሩ ባሕሩ ክፍት ነው። በሐምሌና በነሐሴ በግሪክና በቱርክ መሐል ባለው ኤጂያን ባሕር ላይ የሚነፍሰው ብርቱ የሰሜን ነፋስ በእናንተ ጊዜ በርዷል።

የሕመሙ ምክንያት ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል ዓይን ደግሞ የቆመ ግድግዳ ማየቱ ነው። ስለዚህ ሲጀምራቸው ክፍል ገብቶ መተኛት ሳይሆን ወደ ውጭ ወጥቶ ባሕሩና ሰማዩ የሚገናኙበትን መስመር ማየት ይረዳል። ባዶ ሆድም ያብሳል፤ ይህን የምለው ለጿሚ ነው። ደረቅ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የዝንጅብል ሻይ ጥሩ ነው።

መድኃኒት ካስፈለገ ሜክሊዚን 25 ሚሊግራም፣ ከመነሳታቸው 1 ሰዓት በፊት። ከጀመረ በኋላ የተወሰደ ክኒን ተመልሶ ስለሚወጣ ዋጋ የለውም። እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ላይ አይሞክሩት፣ ጎንደር ቤታቸው ሆነው አንድ ቀን ወስደው ይታይ። ለአባትህ ሳይጠየቅ እንዳይሰጣቸው። የፕሮስቴት ችግር ወይም ግላኮማ ያለበትን አዛውንት እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ሽንት ሊዘጋበት፣ የዓይን ግፊቱንም ሊያባብስበት ይችላል። ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን 3 ቀን ይሠራል ተብሎ ይወደሳል፤ ለዚህ ዕድሜ ግን እኔ አልወደውም፣ ሽማግሌን ግራ ያጋባል።

የግፊቱን መድኃኒት ለ7 ቀን ሳይሆን ለጉዞው በሙሉ ቆጥራችሁ፣ ላይ የ1 ሳምንት ጨምራችሁ፣ በመጀመሪያ ማሸጊያው ይያዙ። ሐኪማቸው የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስምና መጠን በእንግሊዝኛ ጽፎ ማህተም ያድርግበት። የመርከብ ምግብ ጨው ይበዛዋል፤ ሾርባ፣ ካም፣ አይብ፣ ወይራ ላይ ይቆጥቡ። ከጎንደር ከፍታ ወደ ባሕር ጠለል መውረዱ ራሱ አይጎዳም።

ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስ መርከብ ላይ ቶሎ ይዛመታል፤ አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ጄል በደንብ አይገድለውም። ምግብ ቤት በር ላይ የሚረጩላቸውን ይቀበሉ፣ ግን በሳሙናና በውኃ ለ20 ሰከንድ መታጠብን አይተዉ። የእኛ ሰው ከምግብ በፊትም በኋላም ስለሚታጠብ እዚህ ላይ ይበልጣል።

መርከበኛው

ክፍሉን ልንገራችሁ። ለሚያዞረው ሰው ከመርከቡ ርዝመት መሐል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ። ጫፎቹ በብዛት ይወዛወዛሉ። ለአባትህ ጉልበት ደግሞ ከሊፍቱ ቅርብ ይሁን፤ 300 ሜትር የሚረዝም መርከብ ላይ ኮሪደሩ ብቻ ያደክማል። ርካሽ ሆኖ «ክፍሉን እኛ እንመርጥላችኋለን» የሚለውን ዋጋ አትውሰዱ፤ የት እንደሚጥሏችሁ አታውቁም። መስኮት ያለው ይበቃል። በረንዳ ያለው ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከፍ ባለው ፎቅ ላይ ነው።

ወደቡ ላይ ሻንጣውን ሠራተኛ ይቀበላቸዋል። ክፍል በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ ማታ ነው። ስለዚህ ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ። በመጨረሻው ሌሊት ደግሞ ሻንጣው ባለቀለም መለያ ታስሮበት በር ላይ ይወጣል፤ የጠዋቱን ልብስና ጫማ አብረው አሽገው በሌሊት ልብስ የቀሩ ሰዎች በየጉዞው አሉ።

እሳት ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ከሰል፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ሰንደል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ፣ ውኃ ማፍያ። ፍተሻው ላይ ይወሰድባቸዋል፣ ሲወርዱ ይመለስላቸዋል። ጀበናዋን ይዘው ቢሄዱ ማንም አይከለክልም፣ የሚያፈሉበት ግን የለም። ኤስፕሬሶ አለ፣ በአብዛኛው ለብቻ ይከፈልበታል።

መርከቡ ከመነሳቱ በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ፣ ግዴታ ነው። ምልክቱ 7 አጭርና 1 ረጅም ጡሩምባ ነው። ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል የሽርሽር መርከብ በፈረንጆቹ 2012 በጣሊያኗ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ስትገለበጥ 32 ሰው አልቋል፤ አዲስ የተሳፈሩት መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ሕጉ የጠበቀው። በካርዳቸው ላይ አንድ ፊደልና ቁጥር አለ፤ የመሰብሰቢያ ቦታቸው እሱ ነው። ቋንቋ ባይገባቸውም ቦታውን በእግራቸው አንድ ጊዜ ይሂዱበት፣ በደረጃው በኩል፣ ምክንያቱም በአደጋ ጊዜ ሊፍት አይያዝም። አባትህ ደረጃ እንደማይችሉ ኩባንያው አስቀድሞ ይነገረው፤ ለእንዲህ ዓይነት ተሳፋሪ የሚመደብ ረዳት አለ።

አሁን ዋናው፦ ሰዓት። የመርከቡ ወረቀት «17፡30 ሁሉም ይሳፈር» ካለ በእኛ 11፡30 ነው። ከቁጥሩ 6 ይቀነሳል፤ ጠዋት 7፡00 ማለት 1፡00 ሰዓት ነው። ይህን በወረቀት ሠንጠረዥ አድርጋችሁ በአማርኛ ጻፉላቸው። ሌላም አለ። በመስከረም መጨረሻ ጣሊያን ከእኛ 1 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ግሪክና ቱርክ ከእኛ እኩል ናቸው። መርከቡ መንገድ ላይ ሰዓቱን ሊያስቀድም፣ ሊመልስ ይችላል፣ ላይቀይርም ይችላል። ወደብ ላይ ስልኩ ከሀገሩ ኔትወርክ ሰዓት ይወስድና ከመርከቡ ጋር ይለያያል። የሚሠራው የመርከቡ ሰዓት ብቻ ነው። አባትህ የእጅ ሰዓት ካላቸው በየጠዋቱ ከእንግዳ መቀበያው ሰዓት ጋር ያስተያዩት። መርከቡ ለግለሰብ አይጠብቅም፤ በኩባንያው በተያዘ ጉብኝት የወጣ ሰው ቢዘገይ ግን ይጠበቃል ወይም ኩባንያው በራሱ ወጪ ያደርሰዋል። ለእነሱ ሲባል ጉብኝቱ ከኩባንያው ይገዛ፣ ቢወደድም። ከመውረዳቸው በፊት የዕለቱን ወረቀት ይያዙ፣ የወደቡ ወኪል ስልክ እሱ ላይ አለ።

ቀሃ

ጽጌ መስከረም 26 ስለሚገባ ጉዞው በሙሉ ጾም ላይ ይወድቃል። የፈቃድ ጾም ነውና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ እጾማለሁ ካሉ ግን መርከብ ላይ ይቻላል። ቅጹ ላይ «ቬጀቴሪያን» አትበሉ፤ እሱ አይብም እንቁላልም ያለበት ነው። «ቬጋን» በሉ፣ ከጉዞው 2 ወር ቀደም ብሎ በጽሑፍ። የመጀመሪያው ማታ የምግብ ቤቱን ኃላፊ ያናግሩ፤ በማግስቱ የሚበሉትን ማታውኑ ያሳያቸዋል። ቅቤ የተቀባ አትክልት፣ ወተት ያለው ዳቦ፣ እንቁላል ያለበት ፓስታ ሳይታወቅ የሚገቡት ናቸው። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አንጀምረው።) የምሳ ቡፌ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ክፍት ስለሚሆን ቀትር ጠብቀው ለሚበሉት ይመቻል።

ስንቅ የምታሰናዱ ከሆነ ቅቤ፣ ዓይብ፣ ቋንጣ፣ ዶሮ ወጥ አታስቡት። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በተሳፋሪ እጅ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይከለክላል፣ ፊዩሚቺኖ ላይ ይጣላል። መርከቡም ቤት የተሠራ ምግብ አይቀበልም። በፋብሪካ የታሸገ ቆሎና በሶ ግን ያልፋል። በሶ ደግሞ እሳት አይፈልግም፤ ቀዝቃዛ ውኃና ስኳር ይበቃዋል። ከመርከቡ ቡፌ ፍራፍሬ ይዞ ወደብ መውረድ ያስቀጣል፣ ይህን ንገሯቸው፤ እናቶቻችን «ለመንገድ» ማለት ይወዳሉ።

የአዘዞው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሳንቶሪኒና ኩሻዳሲ ላይ አባቴ መውረድ ይችላሉ? ብሩስ እንዴት ይሁን፣ የእኛ ሀገር ካርድ ይሠራል?

መርከበኛው

ሳንቶሪኒ ላይ ትልቅ መርከብ የሚቆምበት መድረክ የለም፤ ባሕሩ መሐል ሆኖ ሰው በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። ከመርከቡ ወደ ጀልባው ሲሻገሩ ወለሉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሠራተኛ በሁለት ክንድ ይይዛቸዋል፣ ግን አንድ እርምጃ በራሳቸው መራመድ አለባቸው። ከታች ከተማው ድረስ ያለው ከ580 በላይ ደረጃ ነው፤ ሌላው አማራጭ ኬብል ካር (በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ማመላለሻ) ነው፣ ሲመለሱ ሰልፉ ረጅም ነው። ለአባትህ በእኔ አስተያየት መርከቡ ላይ ሆነው ገደሉን ከፎቅ ማየት ይሻላል፣ እይታውም ከዚያ ያምራል።

ኩሻዳሲ ግን መርከቡ መድረኩ ላይ ይጠጋል። ጉልበታቸውን እዚያ ያውጡት። ኤፌሶን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጳውሎስ መልእክት የተጻፈላት ከተማ። ፍርስራሹ ውስጥ መንገዱ ቁልቁል የሚወርድ፣ የተወለወለ እብነ በረድ ነው፤ ቆዳ ጫማ ያንሸራትታል፣ ጎማ ሶል ይልበሱ፣ ከላይኛው በር ገብተው በታችኛው ይውጡ። እመቤታችን ኖራበታለች የሚባለው ቤት ከዚያ በላይ ኮረብታው ላይ ነው፣ አውቶቡስ እስከ አጠገቡ ይደርሳል። ጉብኝት ስትመርጡ ሁለቱን ያካተተውን ፈልጉ፤ ቤቱን የማይነካ ርካሽ ጉብኝትም ስላለ ዝርዝሩን አንብቡ። እናትህ ሳንቶሪኒ ቢቀርባቸው ግድ የላቸውም፣ ይህ ቢቀር ግን አይወዱትም።

ትኬት ቆራጩ

ብሩን በተመለከተ መርከብ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይገዛም። በተሳፈሩ ጊዜ የሚሰጣቸው ካርድ ቁልፍም መክፈያም ነው፤ ሒሳቡ መጨረሻ ላይ ከተመዘገበው የባንክ ካርድ ይቆረጣል። ቀላሉ የእህትህን ክሬዲት ካርድ ማስመዝገብ ነው። አብራቸው ስለማትሳፈር የካርዱ ባለቤት የሚፈርምበት የፈቃድ ቅጽ አስቀድማ ትላክ፤ ወደቡ ላይ ካርዱ በአካል ካልቀረበ አንቀበልም ይላሉ። ካርድ ከሌለ ጥሬ ዩሮ እንግዳ መቀበያው ላይ አስይዘው ቀሪውን በመጨረሻው ማታ ይቀበላሉ። የሀገር ውስጥ ኤቲኤም ካርድ ብር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ አይረዳም። ለኪስ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ስትጠይቁ ፓስፖርት፣ ቪዛና የበረራ ትኬት ይዛችሁ ቅረቡ።

የአገልግሎት ጉርሻ በብዙ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ዶላር በራሱ ይጨመራል፤ ለሁለት ሰው ለ7 ሌሊት ሲባዛ ትንሽ አይደለም። እህትህ ከትኬቱ ጋር አስቀድማ ትክፈለው፣ ያኔ አባትህ ለየአስተናጋጁ ኪሳቸውን አይዳብሱም። የኢንተርኔት ጥቅሉንም አብራ ብትገዛው ይረክሳል። ስልካቸው መርከቡ ሳይነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይግባ፤ ባሕር ላይ በሳተላይት የሚያዘው ኔትወርክ ሳይደውሉም በዳታ ብቻ ሒሳቡን ያንረዋል። ዋይፋዩ ብቻ ክፍት ይሁንና በቴሌግራም ይደውሉላችሁ።

ኢንሹራንሱን ደግሞ እንዳልረሳው። ለቪዛው የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ነው፣ ርካሹ ውል ግን በሸንገን ክልል ብቻ ይወሰናል። ቱርክን፣ መርከቡ ላይ ያለውን ክሊኒክ (ይከፈልበታል፣ ውድ ነው) እና በሄሊኮፕተር ወይም በጀልባ ወደ ሆስፒታል መወሰድን የሚሸፍን መሆኑን ውሉ ላይ በጽሑፍ እዩ። የአባትህ ግፊት ቀድሞ የነበረ ሕመም ስለሆነ ሲሞላ ይገለጽ። ከተደበቀ ክፍያ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሱት ሰበብ እሱ ነው።